ያላየውን የቆጠረው ሰው

በአብዛኞቻችን ስልክ ባትሪ ውስጥ ኮባልት የሚባል ሜታል አለ። እያንዳንዱ የኮባልት አቶም በስድስት የኦክሲጅን አቶሞች ተከቦ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አራቱ ደግሞ በዙሪያው። ስልኩን ቻርጅ ስታደርጉ ኮባልቱ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ስትጠቀሙበት መልሶ ይቀበላል። ሒሳቡ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስድስቱ ጎረቤቶች ግን ቦታቸውን አይለቁም።

አንድ ሜታል ስንት ኤሌክትሮን ሰጥቷል የሚለው እና በስንት ጎረቤት ተከቧል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ዛሬ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ግን አሉ የተባሉ ኬሚስቶች ሁለቱን አንድ ላይ ይደፈጥጧቸው ነበር። የለያቸው አንድ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙ አልፍሬድ ቬርነር ይባላል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ታዲያ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። እኛም ፍላጎት የሚባለውን ነገር በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ ዋጋና ብዛት እየቆጠርን ነው የምንደርስበት። ቬርነርም አቶም አይቶ አያውቅም። በእሱ ጊዜ አቶም የሚያሳይ መሣሪያ ቀርቶ፣ አቶም የሚባል ነገር በእውነት መኖሩን የሚጠራጠሩ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ነበሩ። እሱ ግን የማይታየውን ነገር ቅርጽ ተናገረ፤ በትክክል ተናገረ። የሳበኝ ይሄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቬርነር የተወለደው በታኅሣሥ 1866 ሙሉዝ በምትባል የአልዛስ ከተማ ነው። አባቱ ፋብሪካ ውስጥ የብረት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ሲወለድ ከተማዋ የፈረንሳይ ነበረች። በ1871 ፈረንሳይ በጦርነት ተሸንፋ አልዛስ ወደ ጀርመን ተጠቃለለች፤ ሙሉዝ ካለችበት ሳትነቃነቅ አገሯ ተቀየረ። የቬርነር ቤተሰብ ግን ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ መናገሩን አልተወም። ልጁ ውጭ በጀርመንኛ፣ ቤት በፈረንሳይኛ አደገ። በኋላ አብዛኛውን ሳይንሳዊ ጽሑፉን የጻፈው በጀርመንኛ ቢሆንም ልቡ ከፈረንሳይ ባህል አልራቀም።

ገና ተማሪ ሳለ ከቤታቸው ጀርባ ባለ ጎተራ ውስጥ የራሱን ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ከዚያ የጀርመን ጦር ውስጥ ግዴታውን ለመወጣት ካርልስሩኸ ወደሚባል ከተማ ሄደ፤ እዚያም ከወታደርነቱ ጎን ለጎን በከተማዋ የቴክኒክ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ትምህርት ይከታተል ነበር። በ1886 ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባ። የሚገርመው ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበረም፤ በተለይ ቅርጾችን ወረቀት ላይ የመሳል የጂኦሜትሪ ትምህርት አስቸግሮታል። ስሙ ከቅርጽ ጋር ተያይዞ የቀረ ሰው ቅርጽ ትምህርት ላይ መቸገሩ፣ ውጤት ወረቀት አይቶ ሰው ላይ ለሚፈርድ ሁሉ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

በ1890 በአርተር ሃንች መሪነት ዶክትሬቱን ሠራ። ጥናቱ ናይትሮጅን ያለባቸው ሞለኪውሎች በሕዋ ውስጥ ምን ዓይነት ቅርጽ አላቸው የሚል ነበር። ያኔ ካርቦን አራት እጆቹን በአራት አቅጣጫ እንደሚዘረጋ ከታወቀ 16 ዓመት ሆኖታል። ቬርነር ሐሳቡን ወደ ናይትሮጅን ወሰደው። ቀጣዩ ጥያቄ ማንም በደንብ ያልመለሰው ነበር፦ ሜታሎችስ?

አሁን እንቆቅልሹን ላስረዳ። ሮዝ ቀለም ያለው የኮባልት ክሎራይድ ውሃ ላይ አሞኒያ ጨምሩና አየር ይንካው። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከኮባልቱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠው ኮባልት ሦስተኛውን ይሰጣል። ከዚያ እንደ አሠራሩ የተለያየ ጨው ይወጣል። አንዱ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሲመዘኑ ሁሉም አንድ ኮባልትና ሦስት ክሎሪን አላቸው። ልዩነቱ አሞኒያው ላይ ነው፤ ቢጫው ስድስት፣ ወይን ጠጁ አምስት፣ አረንጓዴው አራት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ መሠረት ኮባልቱ ሦስት እጅ አለው፣ ሦስት ክሎሪን ይዟል፣ እጁ ሞልቷል። አሞኒያም በራሱ የተሟላ ሞለኪውል ነው፤ የሚፈልገው ነገር የለም። ሁለቱም የጠገቡ ከሆኑ ለምን ይጣበቃሉ? ደግሞ ለምን ስድስት ላይ ይቆማሉ?

ለዚህ መልስ የሰጠው የስዊድኑ ብሎምስትራንድ ነበር፤ መልሱን አሻሽሎ ለብዙ ዓመት የተከላከለው ደግሞ የኮፐንሃገኑ ሶፉስ ማድስ ዮርገንሰን። እነሱ እንዳሉት አሞኒያዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ይሰለፋሉ፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ክሎሪን ይንጠለጠላል። ካርቦን ሰንሰለት ይሠራል፣ አሞኒያስ ለምን አይሠራም? ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። ዮርገንሰን ደግሞ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ ጠንቃቃ የሚባል ሠራተኛ ነው። እያንዳንዱን ጨው በእጁ ሠርቶ፣ አጥርቶ፣ መዝኖ ነው የሚናገረው።

ቬርነር ወደ ፓሪስ ሄዶ ከታዋቂው ማርሴላን በርትሎ ጋር ጥቂት ጊዜ ሠርቶ በ1892 ዙሪክ ተመለሰ። ደመወዙ የማያወላዳ ጀማሪ መምህር ነው። እንደሚተረከው አንድ ሌሊት ከንጋቱ በፊት ስምንት ሰዓት ላይ መልሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነቃ። ቡና እየጠጣ ሲጽፍ አድሮ፣ ሲጽፍ ውሎ፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። ጽሑፉ በ1893 ታተመ። አስቡት፤ በጽሑፉ ውስጥ ቬርነር ራሱ የሠራው ሙከራ የለም ማለት ይቻላል። የተመረኮዘው በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች ልኬት ላይ ነው፤ ከእነሱም ዋናው ዮርገንሰን ነበር። በሰውየው መረጃ የሰውየውን ሐሳብ ሊያፈርስ ተነሣ።

ያለው ይሄ ነው። ሜታል ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንደኛው የሒሳብ ቁጥር ነው፤ ዛሬ የኦክሲዴሽን ቁጥር እንለዋለን። ለእነዚህ የኮባልት ጨዎች ሦስት ነው፣ ሦስቱ ክሎሪኖች ያወራርዱታል። ሁለተኛው የጎረቤት ቁጥር ነው፤ በቀጥታ ሜታሉን ነክተው የሚቀመጡት ስንት ናቸው የሚል። ለኮባልት ስድስት ነው። ጎረቤት ለመሆን ክሎሪን መሆን ግዴታ አይደለም። አሞኒያም ይሆናል፣ ውሃም ይሆናል። ስድስቱ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ማንም ይቀመጣል። ቦታ ያላገኘ ክሎሪን ከአጥሩ ውጭ ይቀራል።

ይህ አጥር የሚለው ነገር ሊፈተን የሚችል ነው። የብር ናይትሬት ክሎሪን ባለበት ውሃ ላይ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ የሚያገኘው ግን ነፃ የሆነውን ክሎሪን ብቻ ነው። ስድስት አሞኒያ ያለው ቢጫ ጨው ሦስቱንም ክሎሪን ይሰጣል፤ አጥሩ ውስጥ ያለው አሞኒያ ብቻ ነውና። አምስት አሞኒያ ያለው ወይን ጠጅ ሁለት ይሰጣል፣ አንዱ ክሎሪን ስድስተኛውን ቦታ ይዟል። አራት ያለው አረንጓዴ አንድ ብቻ ይሰጣል። እስካሁን ሰንሰለቱም ተመሳሳይ መልስ ይሰጥ ነበር። ሁለቱ የሚለያዩት ሦስት አሞኒያ ላይ ነው። በሰንሰለቱ ስሌት አንድ ነፃ ክሎሪን መቅረት አለበት፤ በቬርነር ስሌት ስድስቱ ቦታ ሞልቷልና ዜሮ።

ቬርነር ከጣሊያናዊው አርቱሮ ሚዮላቲ ጋር ሆኖ የጨዎቹን ውሃ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ለካ። ነፃ ቅንጣት ሲበዛ ኤሌክትሪክ በደንብ ያልፋል፣ ሲያንስ አያልፍም። በክሎሪን ፋንታ ሌላ ቡድን የያዘ ባለ ሦስት አሞኒያ የኮባልት ውህድ ለኩ። ኤሌክትሪክ አላሳልፍም አለ ማለት ይቻላል። ዜሮ ማለት ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቶ ማየት ምን እንደሚጠቅም በሦስት ነገር ላሳያችሁ፤ ሜታል በኬሚካል ለውጥ ጊዜ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ሁሉ እነዚህ ውስጥ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ቅርጽ ብቻ ሲቀየር። ሮዙ የኮባልት ክሎራይድ ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ ኮባልት በስድስት የውሃ ሞለኪውል ተከቧል። ብዙ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሩበት፤ ውሃዎቹ ይለቁና አራት ክሎሪን ብቻ ይከቡታል። ቀለሙ ድንቅ ሰማያዊ ይሆናል። ውሃ ስትመልሱለት እንደገና ሮዝ። ኮባልቱ ኤሌክትሮን አልሰጠም፣ አልተቀበለም። የተቀየረው ጎረቤቱ ብቻ ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አንዳንዶቹ ሰማያዊ ፍሬ ነበራቸው፤ እርጥበት ሲጠጡ ሮዝ የሚሆኑት ኮባልቱ ውሃ ሲያገኝ ነው። አሁን ለጤና ሲባል በብዙ ቦታ በሌላ ቀለም ተተክቷል።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ብቻ ሲቀየር። ኮባልት በአሞኒያ ተከቦ አየር ሲነካው ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ግን ስድስት እንደሆነ ይቀራል። ባትሪውም የዚሁ ዘመድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም አብረው ሲቀየሩ። ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠ ፕላቲነም አራት ጎረቤት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቬርነር እንዳለው አራቱ በካሬ ማዕዘኖች ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ይቀመጣሉ። ክሎሪን ጋዝ ስታቀርቡለት ፕላቲነሙ ሁለት ተጨማሪ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ሁለት ክሎሪኖች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ገብተው ይቀመጣሉ። አራት የነበረው ስድስት ሆነ። ሁለቱን መልሳችሁ ስታወጡ ካሬው ይመለሳል። ዛሬ በፋብሪካ ብዙ ነገር የሚሠሩ ሜታሎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሮዲየም የሚባለው ሜታል ከሜታኖልና ከካርቦን ሞኖክሳይድ አሴቲክ አሲድ ሲሠራ ከካሬ ወደ ባለ ስድስት፣ ከባለ ስድስት ወደ ካሬ ሲመላለስ ይውላል። ሲከፍት ይቀበላል፣ ሲዘጋ የተሠራውን ያወጣል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ቬርነር ስድስቱ ጎረቤቶች የት የት እንደሚቀመጡም ተናግሯል፦ ላይ፣ ታች፣ ፊት፣ ኋላ፣ ቀኝ፣ ግራ። ኦክታሄድሮን የሚባለው ቅርጽ ነው። እንዴት አወቀ? ቆጠረ። እናንተም ቤት ውስጥ መቁጠር ትችላላችሁ። አንድ ድንች ውሰዱና ስድስት ስንጥር በስድስቱ አቅጣጫ ሰኩበት። አራቱ ጫፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለቱ ላይ ቃሪያ አድርጉ። ቃሪያዎቹን በስንት ዓይነት መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል? በሁለት ብቻ፤ ወይ ጎን ለጎን፣ ወይ ፊት ለፊት። ሌላው ሁሉ እነዚሁኑ ማዟዟር ነው። ስድስቱ ጠፍጣፋ ሆነው ክብ ሠርተው ቢቀመጡ ግን ሦስት ዓይነት ይመጣል። ሦስቱ ከላይ ሦስቱ ከታች በትይዩ ቢደረደሩም ሦስት። ስለዚህ ተፈጥሮ ስንት ዓይነት ትሰጠናለች የሚለው ቅርጹን ይናገራል።

ዮርገንሰን ኤቲሊንዳያሚን የሚባል የአሞኒያ ዘመድ ተጠቅሞ ሁለት ዓይነት ጨው አግኝቶ ነበር፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሐምራዊ። ሁለት! አረንጓዴው ክሎሪኖቹ ፊት ለፊት ያሉበት፣ ሐምራዊው ጎን ለጎን ያሉበት ነው። እንደውም አንዱን ወደ ሌላው ማዞር ይቻላል። አረንጓዴውን ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ በሙቀት ስታደርቁት ሐምራዊ ይሆናል፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስታደርቁት አረንጓዴው ይመለሳል።

ዮርገንሰን ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው ከኤቲሊንዳያሚኑ ነው እንጂ ከቅርጽ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ንጹሕ አሞኒያ ያለው ጨው የሚታወቀው በአረንጓዴ ብቻ ነው። የቬርነር ሐሳብ ልክ ከሆነ ሐምራዊ ወንድም ሊኖረው ይገባል። የት አለ?

ይህ ጥያቄ ቬርነርን 14 ዓመት አሳደደው። እኔ እዚህ ጋ ሳነብ ቆም አልኩ። ሦስተኛ ዓይነት አለመገኘቱ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ምናልባት ማንም በደንብ አልፈለገ ይሆናል። ሁለተኛው አለመገኘቱ ግን እውነተኛ አደጋ ነው። በየትኛውም ጊዜ አንድ ሰው ሐምራዊው በምንም መንገድ ሊኖር እንደማይችል ቢያሳይ፣ ወይም ሦስተኛ ዓይነት ይዞ ቢመጣ፣ በ26 ዓመቱ የጻፈው ነገር አደጋ ላይ ይወድቃል። እሱ ደግሞ እንጀራው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። በ1893 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ፕሮፌሰር ያደረገው ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ነው፤ በ1895 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ኤማ ጊስከርን አግብቷል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል፣ የስዊዘርላንድ ዜግነት አግኝቷል። ኑሮው የቆመው ገና ባልተገኘ ሐምራዊ ዱቄት ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቤተ ሙከራው ደግሞ የሚያስቀና አልነበረም። ለብዙ ዓመት ተማሪዎቹ የሚሠሩት ብርሃን በማይገባበት ምድር ቤት ነበር። ከተለያየ አገር ይመጡ ነበር፤ ሴቶችም ነበሩባቸው፣ ለምሳሌ በ1901 ዶክትሬቷን የወሰደችው እንግሊዛዊቷ ኢዲት ሃምፍሪ። ቬርነር ሲያስተምር አዳራሹ ከልክ በላይ ይሞላል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ቁጡና ጥብቅ ነበር ይባላል።

በ1907 ሐምራዊው ተገኘ። ንጹሕ አሞኒያ፣ ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን፣ ልክ ንድፈ ሐሳቡ እንዳለው። ያኔ ዮርገንሰን የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራው ትርጓሜ ሲፈርስ አየ። ሰበብ አልፈለገም፤ ሽንፈቱን ተቀበለ። እኛ አገር በክርክር የተሸነፈ ሰው ርዕስ ሲቀይር ማየት ለምዶብናል፤ እሱ ግን ማስረጃውን አይቶ ዝም አለ። የሠራቸው ጨዎችና የመዘናቸው ቁጥሮች ግን አንዳቸውም አልተሰረዙም። የቬርነር ሐሳብ የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ቬርነር አሁንም አላረፈም። ኦክታሄድሮን ከሆነ ሌላም ነገር መከተል አለበት። አንዳንድ ውህዶች እንደ ቀኝና ግራ እጅ መሆን አለባቸው፤ በመስታወት አንድ ይመስላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። እንዲህ ያሉ ነገሮች በውስጣቸው የሚያልፈውን ብርሃን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያጣምሙታል። በ1911 ከአሜሪካዊው ተማሪው ቪክቶር ኪንግ ጋር አንድ የኮባልት ውህድ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተለየ። በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አሁንም ተጠራጣሪዎች ነበሩ፤ ብርሃኑን የሚያጣምመው በውህዱ ውስጥ ያለው ካርቦን ቢሆንስ? በ1914 አንዲት የካርቦን አቶም የሌለባት የኮባልት ውህድ ብርሃን ስታጣምም አሳየ። በዚያው ዓመት ዮርገንሰን ሞተ።

ለመሆኑ ቬርነር ይህን ሁሉ እንዲቆጥር ያስቻለው ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ራሱ ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ በሌላው ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ የሰጠ ኮባልት ጎረቤቶቹን በቅጽበት ይለዋውጣል፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ለያይቶ በብልቃጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ሦስተኛውን ኤሌክትሮን ሲሰጥ ግን ጎረቤቶቹን አጥብቆ ይይዛል። አጥሩ ይቆለፋል። ለዚያ ነው እነዚህ ጨዎች መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት፣ የሚመዘኑት፣ የሚቆጠሩት። ኤሌክትሮን በ1897 ነው የተገኘው፤ ቬርነር ጽሑፉን ሲጽፍ ገና ስሙም አልተለመደም። ኮባልት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ በኤሌክትሮን ቋንቋ የተብራራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የመጨረሻ ዓመቶቹ ከባድ ነበሩ። ሥራ ያበዛ ነበር፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። የደም ሥሮቹ ጠጠሩ፣ በተለይ የአንጎሉ፤ ማስተማር አቃተው። በጥቅምት 1919 ከፕሮፌሰርነቱ ለቀቀ፤ በኅዳር 15 ቀን 1919 ዙሪክ ውስጥ በ52 ዓመቱ ሞተ። ስለ ትልቅ ሰው ስንጽፍ ይህን መዝለል ይቀናናል። እኔ መዝለል አልፈለግኩም፤ ሌሊት ነቅቶ ሲጽፍ የዋለው ወጣትና ይህ ታማሚ አንድ ሰው ናቸው።

እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ ተመራማሪዎች በኤክስሬይ አንድ የፕላቲነም ጨው መረመሩ። ፕላቲነሙ መሐል፣ ስድስት ክሎሪኖች ላይ፣ ታች፣ ፊት፣ ኋላ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቬርነር ይህን አላየም።

በ1953 ደግሞ ሄንሪ ታውብ የተባለ ኬሚስት ያንኑ አምስት አሞኒያና አንድ ክሎሪን ያለውን የኮባልት ውህድ ወስዶ ከክሮሚየም ጋር አገናኘው። ክሮሚየሙ ኤሌክትሮን ሰጠ፣ ኮባልቱ ተቀበለ። ልብ በሉ፤ ክሎሪኑ ደግሞ ከኮባልቱ ወደ ክሮሚየሙ ተሻገረ። ታውብ ክሎሪኑ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ እንደነበር ያወቀው ኤሌክትሮን የሰጠው ክሮሚየም ቆላፊ ስለሚሆን ነው፤ የያዘውን ክሎሪን እንደያዘ ተገኘ። ቬርነር የለያቸው ሁለት ሒሳቦች በአንድ ምላሽ ውስጥ እንዴት እንደሚነካኩ ታየ። ታውብ በ1983 ኖቤል አገኘበት።

ቅርጹ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነበት ቦታም አለ። ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን የያዘ ፕላቲነም ከቬርነር በፊት ጀምሮ በሁለት ዓይነት ይታወቅ ነበር። ቬርነር በ1893 ካሬ ናቸው፣ አንዱ ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን፣ ሌላው ፊት ለፊት ብሎ ለያቸው። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክን ተጽዕኖ በባክቴሪያ ላይ ሲያጠና ከፕላቲነም ሽቦው የወጣ ነገር ባክቴሪያዎቹ እንዳይከፋፈሉ ማድረጉን አስተዋለ። ከዚያ የተገኘው መድኃኒት ሲስፕላቲን ይባላል፤ ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን ያሉበት ነው። በካንሰር ሴል ውስጥ ክሎሪኖቹን ይለቅና ጎን ለጎን ባሉት ቦታዎቹ ዲኤንኤውን ይነክሳል። ፊት ለፊት ያሉበት ወንድሙ መድኃኒት አይሆንም። ተመሳሳይ አቶም፣ ተመሳሳይ ብዛት፣ ተመሳሳይ ኦክሲዴሽን፤ የሚለየው የመቀመጫው ቦታ ብቻ። ሲስፕላቲን በአሜሪካ በ1978 ተፈቀደ፤ ዛሬ በአገራችንም ለካንሰር ሕመምተኞች ይሰጣል።

ከዚህ ሕይወት እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ምንም ቢመጣ ልክ የሚሆንበትን መንገድ አብሮ ያዘጋጃል። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው፤ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ትንታኔው አይሳሳትም። ቬርነር ግን ቁጥር ተናገረ። ሁለት እንጂ ሦስት አይደለም አለ፤ ዜሮ እንጂ አንድ አይደለም አለ። ከዚያ 14 ዓመት ሙሉ አንዱ ብልቃጥ እስኪሞላ ጠበቀ።